የበረዶ ኢንጂነሩ

ባለፈው ወር ልጄ ፍሪጅ ልትገዛልኝ መርካቶ ይዛኝ ሄደች። ሻጩ ፀጉሩን ወደ ኋላ የለጠፈ፣ አፉ የፈጠነ ወጣት ነው። ከተደረደሩት ፍሪጆች አንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ «አባባ፣ ይሄንን ይውሰዱ፤ ይሄኛው በረዶ የሚባል ነገር አያውቅም» አለኝ። ውስጡ በረዶ አይጋግርም ማለቱ ነው። ልጄ ሳቀች። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ፣ በሰው ሱቅ መሀል ቆሜ እንደ ጎረምሳ አፈርኩ። «አባዬ ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ስትለኝ ሙቀቱ ነው አልኳት። እሷ የተወለደችው ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው አንድ ጊዜ በአንድ ፍሪጅ ዙሪያ ከቦኝ ቆሞ እንደነበር፣ እኔም መሀል ላይ ተንበርክኬ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ እንዳልኩ አታውቅም።

ከሱቁ ወጥተን ታክሲ ፍለጋ በበርበሬ በረንዳ በኩል ስንቆርጥ ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ። የቆርቆሮ ሱቆቹ የነበሩበት ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ አህዮቹ በተሰለፉበት ባጃጅ ተሰልፏል፤ ሽታው ግን ያው ነው። ልጄ አስነጠሰች። በልጅነታችን የሰፈሩን ልጅ ከእንግዳ የምንለየው በዚህ ነበር፤ ያስነጠሰ ሁሉ እንግዳ ነው። እኛማ በርበሬ ውስጥ ተወልደን በርበሬ ውስጥ ነው ያደግነው። አባቴ ሁሴን የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው፣ በሰው ሱቅ ተቀጥረው በርበሬ ሲሰፍሩ ቆይተው፣ በኋላ የራሳቸውን አንዲት ጠባብ ሱቅ ያዙ። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነበር። ጠዋት ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ቡናማ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ የቀኑ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለ፤ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአሥር። ከሻይ ቤቱ አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ቀኑን ሙሉ የፍቅር ዘፈን ይለቅቃል፤ ዜና ሲደርስ ደግሞ ዘፈኑ ይቋረጥና ማርሽ ይገባል። ጎረምሶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው ከታች እንደ ጥሩምባ የሚሰፋ ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ቀስ በቀስ ፀጉሩም አጠረ፣ ሱሪውም ካኪ ሆነ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለምዶ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሰፈራችን ሰባተኛ ያው ሰባተኛ ነው፤ ከሳቅ ቦዝኖ አያውቅም።

በዚያ ዘመን ነው ለእኔ ነፃ የትምህርት ዕድል የደረሰኝ፤ ወደ ሶቭየት። ስሜ ከሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቀን አባቴ ሱቃቸውን ከቀትር በፊት ዘጉ። ከጁምዓ ሌላ ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እጄን ይዘው ሰልባጅ ተራ ወሰዱኝ። ሰልባጅ ነጋዴው ተካ የሚባል፣ ሳቂታና ነገር አዋቂ ሰው ነበር፤ እሱ ካለበት ቦታ ሰው አይጠፋም። ጉልበቴን አልፎ የሚወርድ አንድ ከባድ ካፖርት አለበሰኝና፣ «ይማም፣ ይሄን ለብሰህ በረዶ ላይ ብትተኛ ላብ ነው የሚያጠምቅህ!» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሸኘኝ። ሰባተኛ ላይ ምግብ ቤት የነበራቸው እትዬ አስካለ አንድ ጣሳ ድርቆሽ አሸክመውኝ፣ «ተምረህ ና፣ እንድንኮራብህ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። እናቴ ዘሃራ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈችልኝ፤ ከዚያ ፈትታ እንደገና ቆለፈቻቸው።

እዚያ ስደርስ ምን መማር እንደምፈልግ የጠየቀኝ የለም። ቋንቋውን ከተማርን በኋላ አንድ ሹም ካርታ ዘርግቶ አገራችንን አየ። ቡናማ ቀለም በዝቶበታል፤ ተራራ ማለት ነው። «ተራራማ አገር!» አለ ደስ ብሎት፣ ከዚያም ዙሪያዋን በተራራ ወደታጠረች አንዲት ከተማ ላከኝ። የተመደብኩበት ክፍል የበረዶ ናዳ የሚጠናበት ነው። በረዶ ተራራ ላይ እንዴት እንደሚከማች፣ መቼ እንደሚናድ፣ መንገደኛ በየት ቢያልፍ እንደሚተርፍ። ይቀየርልኝ ብዬ አመለከትኩ፤ አገርህ ተራራማ ነው ተባልኩ።

የክፍሉ ልጆች በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰረው የበረዶ መንሸራተቻ እንጨት፣ ቁልቁለት ሲወርዱ እንደ ወፍ ናቸው፤ እኔ ደግሞ እንደ ወደቀ ሻንጣ እየተንከባለልኩ ነው የምደርሰው። ያነሳኝ የነበረው ተሚር ነው። ተሚር የዚያው አገር ልጅ፣ የበግ አርቢ ልጅ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ቃሉ ትንሽ። አያቱ ተደብቀው ይሰግዱ ነበርና ስሜ ይማም መሆኑን ሲሰማ በጆሮዬ «አያቴ ብታይህ ታለቅሳለች» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተለያየንም። አስተማሪያችን አጭር፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ነበረች። በረዶውን በአካፋ እስከ መሬቱ ቆርጠን፣ ጎኑን እንደ ተቆረጠ ዳቦ ማየት አስተማረችን። የየቀኑ በረዶ የየራሱ መስመር አለው። ላዩን ነፋስ ጠፍጥፎ እንደ ጠረጴዛ ያጠነክረዋል፤ ሥሩ ያለው ደግሞ ከብርዱ ብዛት እንደ ስኳር ይፈረፈራል። ስኳር ጠረጴዛ አይሸከምም። ለጥ ያለው ቁልቁለት አይናድም፤ ገደል የሆነው በረዶ አይዝም፤ ሰው የሚገድለው መሀለኛው ነው፣ ለእግር የሚመቸው። ከትልቅ ነፋስ ማግስት ተራራ አይወጣም። ስትረግጠው ከሥር አየር እንደሚተነፍስ ነገር «ውፍ» ካለ መመለስ ነው። የግድ መሻገር ካለ አንድ በአንድ፤ አንዱ ሲሻገር ሌላው ዳር ቆሞ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ወገባችን ላይ ረጅም ቀይ ገመድ እናስርና ከኋላችን እየጎተትን እንሄዳለን፤ ሰውዬው ቢቀበር ገመዱ ከበረዶው በላይ ይቀራል፣ ገመዱን ተከትለን እንቆፍራለን ተብሎ። ይሄን ሁሉ ስማር አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር፤ ይሄን ትምህርት ይዤ በርበሬ በረንዳ ምን እላለሁ?

አልደበቅኩም። ለቤተሰቤ «የምማረው ስለ በረዶ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ነገሩ የተበላሸው በቃሉ ነው። ለሰባተኛ ሰው በረዶ ማለት የቢራና የለስላሳ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ ፍሪጅ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል፤ የሚሠራው ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ አንዱ ከተበላሸ ጋዝ የሚሞላለት ሰው ፍለጋ ከተማው ይዞራል። አባቴም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ለመጣ ለሄደው፣ «ልጄ የበረዶ ኢንጂነር እየሆነ ነው» ይላሉ። ሰሚውም፣ «አላህ ያሳድግልዎ! እንግዲህ ፍሪጃችን ሁሉ ነፍስ ሊዘራ ነው» ይላል። አንዱ ለአንዱ እየጨመረ፣ እኔ በረዶ ውስጥ ስንከባለል መርካቶ ውስጥ የበረዶ ፋብሪካ ከፍቼ አደርኩ።

ተመርጬ እንደሄድኩ ተመርቄ ተመለስኩ። ሰባተኛ ድረስ በሁለት ታክሲ ጡሩምባ እየተነፋልኝ ነው የገባሁት። ቤታችን በር ላይ ሳር ተጎዝጉዟል፣ በግ ታርዷል፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ገባሁ፣ እናቴን አቀፍኩ። ቀና ስል ከክፍሉ መሀል አንድ ትልቅ ቢጫ ፍሪጅ ቆሟል፤ አናቱ ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ከጎኑ አዲስ ካቻቪቴ በጨርቅ ላይ ተደርድሮ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የእኔ ነዋ!» አሉ እትዬ አስካለ፣ አዲስ ሻሽ አስረዋል። «ሞተሩ ይጮሃል፣ አይቀዘቅዝም። ያላየው ሠራተኛ የለም። አባትህ፣ ተይው፣ ልጄ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ያንቺ ይሁን አለኝ።»

«መጀመሪያ እህል ይቅመስ እንጂ» አለች እናቴ።

«የለም የለም» አሉ አባቴ፤ ደስታቸውን መያዝ አልቻሉም። «ለአንድ አፍታ ነው። ሰው ይየው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ ይላል የዛሬ አእምሮዬ። ግን የአባቴን ፊት ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ተንበረከክሁ። የኋላ ሽፋኑን ፈታሁት። ውስጡ ያለውን ቱቦ፣ ሽቦ፣ ጥቁር የሞተር ኳስ አየሁ፤ ከዚያ በፊት የፍሪጅ ጀርባ አይቼ አላውቅም። አንድ ሽቦ ነካሁ፣ ተውኩት። ላቤ ከግንባሬ ወርዶ ካቻቪቴው ላይ ሲንጠባጠብ ይታየኛል። ከኋላዬ አንድ ሰው አሳለ። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየሁ አላውቅም፣ በመጨረሻ ሳልዞር፣ «አባባ፣ እኔ የተማርኩት የዚህን በረዶ አይደለም» አልኩ።

«የምኑን ነው?»

«ከሰማይ የሚወርደውን። ተራራ ላይ ያለውን። ሲናድ ሰው የሚገድለውን።»

ከዚያ እትዬ አስካለ፣ ክፋት የሌለባቸው ሴት፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ተራራው የት ነው፣ የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። አባቴ፣ «በሉ ምሳ ይቅረብ» አሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር። በማግሥቱ አራት ወዛደሮች ፍሪጁን ተሸክመው ሲመልሱት፣ ከቤታችን እስከ ሰባተኛ ያለው ሱቅ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ አየ።

ከዚያ በኋላ ስሜ ጠፋ፤ «በረዶው» ሆንኩ። «በረዶው፣ ዛሬስ እንዴት ነው፣ አይናድም?» ይሉኛል ቆርቆሮው ከፀሐይ ብዛት በሚንጣጣበት ቀን። የምመደብበት መሥሪያ ቤትም ቸገረው፤ ወረቀቴን ያየው የቢሮ ኃላፊ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «ጓድ፣ ይሄ የትርጉም ስህተት ይሆን?» አለኝ። በመጨረሻ የዝናብ መጠን የሚመዘገብበት ክፍል ወረወሩኝና ዕድሜዬን እዚያ ጨረስኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለሥራ ሰሜን ተራራ ወጥቼ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ አየሁ። በጫማዬ ረገጥኩት፤ ጸሐይ ሳትወጣ የሚያሰማውን ያንን ቀጭን ድምፁን ስሰማ ሹፌሩ እንዳያየኝ ፊቴን አዞርኩ። ግን ያን ጊዜ፣ ገና እንደመጣሁ፣ የራሴ ማፈር አልነበረም የከበደኝ። አባቴ ሻይ ቤት መቀመጥ ተዉ። በርጩማቸውን ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ከኬሻዎቹ ኋላ አገቡት። ደንበኛ ሲጠይቃቸው ብቻ ይናገራሉ። እኔን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህም አልበቃ ብሎ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ እሁድ ጠዋት ለስብሰባው ከወዳጅ አገር ያመጣሁትን ዕውቀት እንድናገር አዘዘ። አዳራሹ ሞልቷል፤ የቀረ ይቀጣል ስለተባለ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሁሉም አለ። አባቴ ከኋላ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ቆምኩ። እንዲገባቸው ብዬ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጀመርኩ፤ በረዶ ሲጥል ጣሪያው ላይ ተከምሮ በኋላ በአንዴ እንደሚወርደው በሉት አልኩ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደፈር አልኩና ቀጠልኩ፤ የተቀበረ ሰው ላይና ታቹን እንደማያውቅ፣ በረዶው ከቆመ በኋላ እንደ ሲሚንቶ እንደሚጠነክር፣ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ እንደማይችል ስናገር፣ ሰልባጅ ነጋዴው ተካ ከመሀል ብድግ አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥያቄ አለኝ። ሰው በበረዶ ሙሉ ቀን ተቀበረ ማለት... ቢራ ነው እንዴ?»

አዳራሹ ተደረመሰ። ሊቀመንበሩ ራሱ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ለወራት ፍርሃት ቋጥሮት የነበረ ሕዝብ ነው፣ ሳቅ አግኝቶ እንዴት ይተው። እኔ አፌ ተከፍቶ ቀረ። በዚያ ሁሉ ጥርስ መሀል አባቴ ከጥጉ ሲነሱ አየኋቸው። ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ሰው እየገፉ ወጡ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ቤት ስደርስ ኬሻ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ በዓይኗ ግባ አለችኝ።

«ሳቁብህ» አሉ አባቴ።

«አዎ።»

«ሰው ሲስቅብህ አንድ መልስ አታጣም ነበር። ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ለምን ደርቀህ ቀረህ?»

ከኬሻው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ፣ እስከዚያ ቀን ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው።

በመጨረሻው ዓመት፣ በእነሱ የብርድ ወራት፣ ወደ አንድ የመለኪያ ጣቢያ ስንሄድ ነው። የምንሻገረው አንድ ሰፊ ቁልቁለት ነበር። ቆፍረን አየነው፤ ደህና ነው። አስተማሪያችን አንድ በአንድ አለች። መጀመሪያ እኔ ተሻገርኩ፤ ከማዶ ደርሼ እጄን አነሳሁ። ተሚር በእኔው ዱካ ተከተለ። መሀል ሲደርስ «ውፍ» የሚለውን ሰማሁ። ከበላዩ በረዶው በአንድ ረጅም መስመር ተተረተረ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ በሙሉ እንደሚጎተት አንሶላ ሄደ። ተሚር አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አየ። ዓይኔን አልነቀልኩም፤ የጠፋበትን ቦታ በጣቴ አሳየሁ። ቀዩ ገመድ ግን አብሮት ገብቷል። በረጅም ዘንግ እየወጋን፣ እየወጋን ፈለግነው። ሳገኘው እኔ ነኝ በእጄ ፊቱን የገለጥኩት። ፊቱ የተኛ ሰው ነው የሚመስለው።

አባቴ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ያጠፋችሁት ነገር ነበር?»

«ሁሉን እንደተማርነው ነው ያደረግነው።»

«ታዲያ አንገትህን የሚያስደፋህ ምንድን ነው?»

«በረዶው እኔን ተሸከመኝ፣ አባባ። እሱን አልተሸከመውም። የረገጠው የእኔን ዱካ ነው። ወደ እናቱ ሄድኩ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። አስቀመጠችኝ፣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ ከዚያ 'በርዶት ነበር?' አለችኝ። አልበረደውም አልኳት። ዳቦውን በላሁት። እሷ እያየችኝ በላሁት።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አባቴ ግን፣ «ለቅሶ ተቀምጠህለታል?» አሉኝ።

«አልተቀመጥኩም። ፈተና ደረሰ። ከዚያ መመለሻዬ ደረሰ።»

አባቴ ተነሱ። «እኔ ደግሞ» አሉ፣ ካፖርታቸውን እየለበሱ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «በዚህ ልጅ ነበር ሳፍር የከረምኩት። ተነሥ፣ ተከተለኝ።»

የሄድነው የእድራችን ዳኛ ወደነበሩት ጋሼ ወልዴ ነው። ጋሼ ወልዴ የጉራጌ ሰው፣ የቆርቆሮ ነጋዴ፣ ለደንብ የቆሙ ናቸው፤ የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በእሳቸው እጅ ነው። አባቴ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው፤ እኔ የነገርኳቸውን ቃል በቃል። ጋሼ ወልዴ አዳምጠው ሲጨርሱ አገጫቸውን አሻሹ።

«ነፍሱን ይማር። ግን ሁሴን፣ ደንባችን አባልና የአባል ቤተሰብ ነው የሚለው። የማናውቀው የባዕድ አገር ሰው፣ ያውም ከሞተ የቆየ...»

«እኔ ዛሬ ነው የተረዳሁት።»

«ይገባኛል። ግን ለእሱ ድንኳን ከተከልን ነገ ሌላውም ይመጣል።»

«እንግዲያው የእኔን ስጠኝ» አሉ አባቴ።

«የአንተን ምኑን?»

«እኔ ስሞት የምትተክሉልኝን ድንኳን። ዛሬ ትከሉልኝ። እኔ ስሞት አትትከሉ።»

ጋሼ ወልዴ ቆባቸውን ከራሳቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። አባቴን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ የጫማዬን ጫፍ ነበር የማየው። «አንተ ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔም እኮ ዛሬ ጠዋት እዚያ አዳራሽ ነበርኩ። ስቄያለሁ።» ተነስተው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከቀበቷቸው ፈቱ። «ውሰድ። ያንተ ሲደርስም ይተከላል። ሁለተኛ እንዲህ እንዳትለኝ።» ቀበሌውን ደግሞ አባቴ ራሳቸው ሄደው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ግራ ገብቶት ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ሟቹ የወዳጅ አገር ዜጋ ስለሆነ ይፈቀዳል አለ።

ድንኳኑ ከሱቃችን ጎን ባለው መተላለፊያ ተተከለ። ሼኹ መጥተው ዱዓ አደረጉ። እኔ የቅርብ ዘመድ በሚቀመጥበት፣ በአባቴ ቀኝ፣ ጋቢ ተደርቤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ማንም የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። ግን ለቅሶ ለቅሶ ነው፤ ድንኳን ያየ መርካቶ ውስጥ ዝም ብሎ አያልፍም። እትዬ አስካለ ንፍሮ በድስት አስይዘው መጡ፣ ከደጅ ጀምሮ «ልጄን! የሰው አገር ልጄን!» እያሉ እያለቀሱ። የሻይ ቤቱ ሰው መጣ፣ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ድምፅ ማጉያውን ዘግቶ መጣ። የሚገባው ሰው ሁሉ ተቀምጦ ጥቂት ከቆየ በኋላ እንደ ወጉ፣ «ምን አገኘው?» ብሎ ይጠይቃል። መላሹ አባቴ ናቸው። እነዚያ ከኬሻ ኋላ ተደብቀው የከረሙት አባቴ፣ በሁለት እጃቸው አየር ላይ እየደረደሩ፣ «ይኸውልህ፣ ላይኛው በነፋስ ይጠነክራል፤ ሥሩ ግን እንደ ስኳር ነው። ሰው ሲረግጠው ሥሩ ከዳ...» እያሉ ያስረዳሉ። አንዳንዱን ይሳሳታሉ፤ ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው «እንዴት ነበር?» ይሉኛል፣ እኔም በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። ሰዉ ይሰማል። ማንም አልሳቀም። ሰው ላይና ታቹን እንደማያውቅ ሲናገሩ አንዲት ሴት ነጠላዋን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ከአዳራሹ ሳቅ ይልቅ ያ ጸጥታ ከበደኝ። ያ ሁሉ ሰው እጄን እየጨበጠ «ያጽናህ» ሲለኝ፣ የማይገባኝን ነገር እንደሚቀበል ሰው ዓይኔን መስበር ብቻ ሆነ ሥራዬ። ዛሬም ያን መጨባበጥ መዳፌ ላይ ይሰማኛል።

ተካ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ለወጉ ያህል እንኳ ፈገግታ አልነበረውም። አባቴ ፊት ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

«ጋሼ ሁሴን፣ አላወቅኩም ነበር።»

«አላወቅክም» አሉት አባቴ። «እኔም አላወቅኩም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እስከ ማታ አልተነሳም።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሳ ሲል፣ አንድ የማናውቀው ወዛደር በመተላለፊያው መጣ። ጀርባው ላይ ትልቅ ኬሻ አለ፤ ከክብደቱ የተነሳ አንገቱ ተወጥሯል። ድንኳኑን ሲያይ ቆመ። ከእነሸክሙ አጎነበሰና አባቴን፣ «እግዜር ያጽናዎት። ሟቹ ምንዎ ነው?» አላቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አቀረቀርኩ።

«ልጄ ነው» አሉ። «ተራራ ላይ ናዳ ወሰደው።»

ወዛደሩ ኬሻውን ከጀርባው አወረደ፣ በእጁ መዳፍ ፊቱን አበሰና ከጎኔ ተቀመጠ።